በጨለማ ጎል አያገባም ነበር

አሁን አሁን በሰፈራችን መብራት ሲጠፋ፣ ከየሱቁ በር ላይ የጄኔሬተር ገመድ ተስቦ አንዴ ሁለቴ ሳል ሳል ብሎ የሚቆመው፣ ከዚያም በድንገት የሚነሳው ያ ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ፣ ያለሁበትን ረስቼ ወደ ኦቦ ጉደታ ኳስ ማሳያ ቤት እመለሳለሁ። ሽታውም አብሮ ይመጣል፤ የቤንዚን፣ ዝናብ የመታው ጃኬት፣ በጫማ የገባ ጭቃ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ ይከተላል ብዬ እጠብቃለሁ። አይከተልም።

ወንድሜ ቶሌራ በስምንት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ቤታችን ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ነው። አባታችን አያታችን በልጅነቱ ከጎጃም ያመጡት ሰው ሲሆን፣ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ ልብስ ይሰፋል፤ እናታችን ጫልቱ ደግሞ እዚሁ ጉቶ ጊዳ ተወልዳ ያደገች ናት። እማዬ በኦሮምኛ የጀመረችውን ወሬ አባባ በአማርኛ ይቀበላታል፣ እሷም በአማርኛ ቀጥላ መሀል ላይ ወደ ራሷ ቋንቋ ትመለሳለች፣ እኛም የቱ የት ላይ እንዳበቃ ሳንለይ እየሰማን እናድግ ነበር። እኔ በሁለቱም ቃል ሲያጥረኝ ቆሜ የምቀር ልጅ ነበርኩ። ቶሌራ ግን አንዱ ሲያጥረው ከሌላው እየመዘዘ ሳይቆም ይናገር ነበር። ቦኖ ውሃ ወረፋ ስንጠብቅ እንኳ ሰልፉን እንደ ኳስ ጨዋታ እያስተላለፈ ሴቶቹን ያስቃቸው ነበር።

«አዴ ሎሚ በግራ መስመር ሰብራ ገባች፣ ተከላካይ የለም፣ ጄሪካኗን አስቀመጠች!»

«ዝም በል አንተ፣ ዳኛው ሳይነፋብኝ!» ይሉና አዴ ሎሚ የሰው ወረፋ ይዘው ይስቁ ነበር።

ክረምት ሲገባ ሜዳው ሁሉ ጭቃ ስለሚሆን፣ ኳስ ወዳዱ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ኦቦ ጉደታ ቤት ይሰበሰብ ነበር። ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ፣ ብርሃን ስክሪኑን እንዳያበላሽ መስኮቶቹ በካርቶን የተደፈኑ ስለነበሩ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ውስጡ ድቅድቅ ያለ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የቴሌቪዥኑ ድምፅ አይሰማም፤ ቢሰማም እንግሊዝኛ ነው፣ ይገባናል የሚሉት ሁለት ሦስት ሰዎችም ሲጠየቁ ወሬ ይለውጣሉ። አንድ ቅዳሜ ኦቦ ጉደታ «ያልገባንን ሰውዬ ለምንድን ነው የምናስጮኸው?» ብለው ድምፁን ዘጉትና፣ ለሠርግ የሚያከራዩትን ማይክሮፎን አውጥተው ለቶሌራ ሰጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ኳስ የሚተላለፈው በወንድሜ አፍ ሆነ።

የራሱ የሆነ አሠራር ነበረው፤ ከእሱ በፊትም ከእሱም ወዲህ ሌላ ሰው ሲሠራው አልሰማሁም። ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ ኳስ ሲይዝ በኦሮምኛ፣ ሌላው ሲይዝ በአማርኛ ያስተላልፍ ነበር። ቀዮቹ እየተቀባበሉ ሲመጡ ኦሮምኛው እየፈጠነ ይመጣና፣ ኳሱ ሲነጠቅ ዓረፍተ ነገሩም እዚያው ላይ ተነጥቆ በአማርኛ ይቀጥላል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ኳሱ በማን እግር እንዳለ ያውቅ ነበር። ከገጠር ለገበያ መጥተው ዝናብ ያስጠለላቸው ገበሬዎች በአንድ ወገን ተቀምጠው «ቶሌ! እስኪ ኳሷን ለእኛ ቋንቋ ስጣት!» ብለው ሲጮሁ፣ ከወዲያኛው አግዳሚ ወንበር «ተከላካያችሁ ነው ያስነጠቃችሁ፣ ቋንቋው ምን አደረጋችሁ?» የሚል ይመለስላቸዋል። ይህ ፉክክር ወደ ክፉ እንዳይሄድ ነው መሰለኝ፣ ቶሌራ ከእረፍት በኋላ ቋንቋዎቹን ያለዋውጣቸው ነበር፤ በመጀመሪያው አጋማሽ በኦሮምኛ የተጫወተው ቡድን በሁለተኛው በአማርኛ ይጫወታል፣ ስለዚህ ማንም ቋንቋ ተሸንፎ ወደ ቤቱ አይሄድም።

መብራት በየጨዋታው ይጠፋል። ሲጠፋ ሰው እንዳይበተን ኦቦ ጉደታ ጄኔሬተሩን ሊያስነሱ እየሮጡ ይወጣሉ፣ ማይክሮፎኑ በባትሪ ስለሚሠራ ቶሌራ በጨለማው ውስጥ ጨዋታውን አያቆምም ነበር። ከራሱ ፈጥሮ ይቀጥላል፤ ኳስ ወደ ውጭ ይወጣል፣ እጅ ውርወራ ይሆናል፣ አንዱ የጫማውን ክር ያስራል፣ ግብ ጠባቂው ሰዓት ይገድላል፣ አሰልጣኙ ይናደዳል። ሰውም ውሸት መሆኑን እያወቀ እየሳቀ ይሰማዋል። ግን አንድ ሕግ ነበረው፣ በጨለማ ጎል አያገባም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ኪያ፣» አለኝ፣ የእኔ ማለቱ ነው፣ ሲያቆላምጠኝ እንደዚያ ነበር የሚለኝ፣ «ሰው ላየሁት ነገር ያምነኛል። ያላየሁትን ጎል ካገባሁ፣ ሲበራ ያየሁትንም አያምነኝም።» አንድ ቀን ታዲያ እሱ ለረጅም ጊዜ በመሀል ሜዳ ሲያንሸራሽራቸው ቆይቶ መብራት ቢመጣ፣ ቀዮቹ ሁለት ጎል ገብቶባቸው ተገኙ። ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። «አንተ ጫማ ስታሳስራቸው ነው የገባባቸው!» ብለው ከወንበር ወንበር እየዘለሉ ሲያባርሩት፣ በማይክሮፎኑ የራሱን ሽሽት እያስተላለፈ በር ላይ ደረሰ።

ያን ዓመት ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ በከተማችን አዲስ የተከፈተው ሬዲዮ ጣቢያ የስፖርት ክፍል ጀማሪ ጋዜጠኛ እንደሚፈልግ በራሱ አየር ላይ ተናገረ። የተማረ ቢሆን ይመረጣል፣ ነገር ግን ድምፁን ተፈትኖ ያለፈ ሁሉ ሠልጥኖ ይቀጠራል ተባለ። ቶሌራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣለት የቀረ፣ የሰው ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነበር። ያንን ማስታወቂያ የሰማ ዕለት ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ግን ወንድሜ አንድን ነገር እንደዚያ ሲፈልግ አይቼው አላውቅም ነበር።

የጣቢያው የፕሮግራም ኃላፊ ደግሞ የእናቴ የአክስት ልጅ ነበሩ፣ ፍቃዱ ይባላሉ። በእናቴ ወገን የእናት ወንድም ኤሱማ ይባላል፣ የአክስት ልጅም ቢሆን ወንድም ነው፣ ስለዚህ እኛም ኤሱማ ፍቃዱ ነበር የምንላቸው። ከእማዬ ጋር በአንድ ግቢ ያደጉ፣ ንጹሕ ልብስ የሚለብሱ፣ ሲናገሩ ቃል የሚመርጡ ሰው ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ «ታዲያ ምን ቀራችሁ፣ ሰው አላችሁ እኮ!» ይል ጀመር። ቶሌራ ይህንን ሲሰማ ፊቱ ይለወጥ ነበር። እማዬን ጠርቶ «ለኤሱማ አንድ ቃል እንዳትናገሪ። ከገባሁ በአፌ ልግባ» አላት። እሷም እሺ አለችው።

ፈተናው ተፈታኙን ድምፁ ተዘግቶ በሚታይ ጨዋታ ፊት አስቀምጦ፣ እያስተላለፈ መቅዳት ነበር። የተቀዳው በስም ሳይሆን በቁጥር ተደርጎ ሦስት ሰዎች ይሰሙታል ተባለ። ቶሌራ ተፈትኖ ሲመጣ አባባ የስፌት መኪናውን አቁሞ «እህሳ?» አለው።

«በየቋንቋው ለየብቻ አስተላልፍ ነው ያሉኝ አባባ፣ ቃል ትንሽ አጠረኝ። ግን አልቆምኩም።»

«አልቆምክም?»

«አልቆምኩም።»

አባባ ራሱን ነቅንቆ ወደ ስፌቱ ተመለሰ፣ ለሰው ሁሉ ሲያወራው ግን «አልቆመም» እያለ ነበር።

ውጤት ሳይነገር መስቀል ደረሰ። በመስቀል ሰሞን በእኛ አገር አንጮቴ ይቆፈራል፤ ሥሩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ደቅቆ፣ በተነጠረ ቅቤ ይታሽና ለሚከበር ሰው ይቀርባል። እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ በየዓመቱ መስቀል ለኤሱማ ፍቃዱ ቤት የአንጮቴ ሳህን ይዛ ትሄድ ነበር፣ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ይህን የሚያደርግላቸው ሌላ ሰው አልነበረም። ያን ዓመት አባባ «ዘንድሮ ይቅርብሽ» አላት።

«ለምን ይቅርብኛል?»

«ሰው ምን ይላል ሴትዮ? ልጅሽ እሳቸው እጅ ላይ ነው ያለው።»

«እስከ ዛሬ የወሰድኩት ለሥራ ነበር? ዘንድሮ ብተወው አይደል የሚያስጠረጥረኝ? ልጁ ስለተፈተነ ወንድሜን ልካደው?»

እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬም እሷ ከተናገረችው ውስጥ ስህተት አላገኘሁም። ሳህኑን ከድና፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ፣ የክት ልብሷን ለብሳ ሄደች። እዚያ ስትደርስ የሰፈራችን ሰው እትዬ አስቴር ለእንኳን አደረሰህ መጥተው ተቀምጠው ነበር። የእሳቸውም ልጅ ተፈትኖ ነበር። እማዬ ሳህኑን አስቀምጣ፣ የዓመቱን ሰላምታ ሰጥታ፣ ስለ ቶሌራ ምንም ሳትናገር ተመለሰች። በማግስቱ ግን ወሬው ገበያ ደርሶ ነበር። አባባ በረንዳው ላይ ሱሪ እየሰፋ «የሬዲዮው ሥራ በቅቤ ታሽቶ ተበላ አሉ» ሲባል በጆሮው ሰማ። እትዬ አስቴርን በክፋት አላስባቸውም። ያዩትን ነው የተናገሩት፣ ሳህኑንም ቅቤውንም አይተዋል። ያላዩት እማዬ በየዓመቱ መሄዷን ነው።

ጥቅምት ውስጥ፣ ሜዳው ደርቆ የቀበሌዎቹ ውድድር በተጀመረ ሰሞን፣ ያለፉት ሰዎች ስም በሬዲዮ ይነገራል ተባለ። ሁላችንም ተሰብስበን አባባ ሬዲዮኑን ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠው። ሁለት ስም ተነበበ፣ ሁለቱንም አናውቃቸውም ነበር። የእትዬ አስቴር ልጅ ስምም አልነበረበትም። ቶሌራ ሌላ የሚነበብ ያለ መስሎት ሙዚቃው ከገባ በኋላ እንኳ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘን። ከዚያ እጁን አወረደ። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለና የባጃጁን ቁልፍ ይዞ ወጣ። እማዬ ሸሽታ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ «አንድ ቃል ብናገር ኖሮ» እያለች፣ አባባ ደግሞ «ያ ሳህን ባይሄድ ኖሮ» እያለ፣ ሁለቱም ግን ይህንን በአፋቸው ሳያወጡት በአንድ ቤት ውስጥ ለየብቻ ሲያስቡት ኖሩ።

ቶሌራ ግን ማንንም አልወቀሰም። እንደሱ ያለ ነገር እንዴት እንደምጽፍ አላውቅም። ድምፁ ለሬዲዮ የማይሆን መሰለው። በዚያ በጋ ሙሉ የዋና ከተማውን የስፖርት ጋዜጠኞች በስልኩ እየሰማ፣ እንደነሱ ጉሮሮውን ወፈር አድርጎ፣ ቃሉን እየለካ መናገር ይለማመድ ነበር። አልጋችን አንድ ስለነበር ከጎኔ ተኝቶ «እንደምን አመሻችሁ ውድ አድማጮቻችን» እያለ ሲደጋግም እሰማዋለሁ። ኦቦ ጉደታ ቤትም ሁለቱን ቋንቋ ማደባለቁን ተወው። አንዱን መርጦ፣ ቀጥ ብሎ፣ አሳምሮ ያስተላልፋል። ሰዉ ለጥቂት ሳምንት ታገሠው። አንድ ቅዳሜ ግን ከገበሬዎቹ አንዱ ተነስተው «ቶሌ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንክ? ዜና ነው እንዴ የምታነብልን? ማን ሞተ?» አሉት። ቤቱ ሳቀ። እሱም ሳቀ፣ ግን ያን ቀን ማይክሮፎኑን በእረፍት ሰዓት ለኦቦ ጉደታ መልሶ ወጣ፣ ለብዙ ጊዜም አልተመለሰም።

የመለሰው የቆላው ውድድር ነበር። መንገዱ እንደልብ ይኬድበት በነበረ ጊዜ፣ ወደ ጊዳ አያና በኩል ያሉ መንደሮች ከመኸር በኋላ በየዓመቱ ኳስ ይጋጠሙ ነበር። የአማርኛ ተናጋሪዎች መንደርና የኦሮምኛ ተናጋሪዎች መንደር ጎን ለጎን ስለሆኑ፣ ወጣቶቹ በሜዳው በሁለት ወገን ቆመው ሲያዩ ለሁሉም የሚበቃ አንድ አስተላላፊ ፈለጉ። ስሙን ከነቀምቴ ገበያ የሰሙ ነበሩና ላኩበት። መጀመሪያ ላይ እምቢ ብሎ ነበር። ሄዶ ሲመለስ ግን ድምፁ ሰልሎ፣ ፊቱ አቧራ በአቧራ ሆኖ፣ ዓይኑ ያበራ ነበር። እዚያ እንደ ድሮው ሁለቱን እየለዋወጠ አስተላልፎ፣ ሁለቱ መንደሮች በእረፍት ሰዓት ቋንቋቸው ሲለዋወጥ በሳቅ ተንፈራፈሩ አለኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከጨዋታው በኋላ መጥተው እጁን ይዘው «አንተ ልጅ፣ የየትኛችን ነህ?» ብለው ጠየቁት።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ኳሱን የያዘው ሰው ነኝ አልኳቸው።»

ከዚያ ወዲህ፣ እኔ ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላም፣ በየዓመቱ ይሄድ ነበር። ሰላሙ ደፍርሶ መንገድ የተዘጋባቸው ዓመታትም ነበሩ፣ ሲከፈት ግን ይሄድ ነበር። ባለፈው ዓመት በኅዳር ሄዶ ሲመለስ አመመው። ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ተኛ፣ ቆላ የወረደ ሁሉ እንደዚያ ስለሚሆን ወባ ነው፣ መድኃኒት ይወስዳል፣ ይነሳል አልን። ወባው ራሱ ላይ ወጣበት። ሆስፒታል ስንወስደው መናገር ትቶ ነበር። እሱ፣ ዝም ያለበትን ሰዓት አይቼ የማላውቀው ሰው፣ ዝም ብሎ ሁለት ቀን ተኝቶ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ለሰዉ አልበቃም። ከቆላ መንደሮቹ ሳይቀር ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው መጡ። በሦስተኛው ቀን ኤሱማ ፍቃዱ ከእናቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ወንበር ሲሰጣቸው አልፈለጉም። አርጅተዋል። እኔ ከፊታቸው ነበርኩ።

«ጫልቱ፣» አሉ፣ «ልጅሽ አንደኛ ነበር።»

እማዬ አልገባትም። «በምን?»

«በፈተናው። ሦስታችንም ቁጥሩን ብቻ ይዘን ሰምተን እሱን ነበር ያስቀደምነው። እኔ ድምፁን ለይቼው ነበር፣ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሌሎቹ ሳያውቁት ነው የመረጡት። ከዚያ የአንጮቴው ወሬ መጣ። ፍቃዱ የእህቱን ልጅ በቅቤ አስገባ ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ስሜን ለመጠበቅ ብዬ እኔው ነኝ ያስወጣሁት።»

እማዬ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠች። «ለእሱ ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«አንድ ቀን እንኳ? መንገድ ላይ ስታገኘው? ባጃጁ ላይ ስትሳፈር?»

ኤሱማ አንገታቸውን ደፉ። «ሂሳብ አልቀበልዎትም ይለኝ ነበር» አሉ።

እማዬ አልጮኸችባቸውም፣ አላለቀሰችምም። «ድምፄ አይሆንም ብሎ ነው የሞተው» ብቻ አለች። ይህንን ስትል ከወንዶቹ በኩል የተቀመጠው አባባ ሰማና ተነስቶ መጣ። አጠገቧ ተቀመጠ። እነሱ በሰው ፊት እጅ ለእጅ ሲያያዙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ ኤሱማ ፍቃዱ ቤታችን መጡ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። እኔን እያዩ «ይሄኛውን ላስገባው። ስፖርት ክፍል ቦታ አለ። የቶሌራ ወንድም ነው ብል አሁን ማንም አይቃወመኝም» አሉ።

እኔ ሰው ፊት ስናገር ላብ የሚያጠምቀኝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ የምጀምር ሰው ነኝ። «ኤሱማ፣ እኔ አልችልም። እቆማለሁ» አልኳቸው።

«ይለመዳል።»

«እሱ ሳይለምድ ነበር የሚችለው» አልኩ። ልናገራቸው አስቤው አልነበረም። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። ኤሱማ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘኋቸው፣ እጃቸውንም ስሜ ተሰናበትኳቸው። አዝነው ነበር፣ እኔም አዝኜላቸዋለሁ።

ዛሬ ወንድሜ ይነዳው የነበረውን ባጃጅ የምነዳው እኔ ነኝ። ባለቤቱ የሰጡኝም የቶሌራ ወንድም ስለሆንኩ ነው፣ ይህንን አልክደውም። ልጅ ሳለሁ ሬዲዮ ላይ አዲስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር እኛ ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ ነበር። ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው ጥሩ መናገሩ ወይም አለመናገሩ የሚነሳው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይነሳ ይቀር ነበር። እኔም ያኔ ሰው ያለው ይገባል፣ ሰው የሌለው ይቀራል ብዬ አምን ነበር። አሁን ግን ሰው ያለውም እንደሚቀር አውቄያለሁ፣ የቀረውም ለምን እንደቀረ ሳይነገረው እንደሚኖር አውቄያለሁ። በቅርቡ የጀመረ አንድ ልጅ እሁድ ከሰዓት በጣቢያው ስፖርት ያቀርባል። አፉ ይፈጥናል፣ አልፎ አልፎ ይሳሳታል፣ ስህተቱን ራሱ ያርማል፣ አይቆምም። ከኋላ የተሳፈሩ ሰዎች የባጃጁን ሬዲዮ ሰምተው «የማን ልጅ ነው ይሄ?» ይሉኛል።

«አላውቅም፣» እላቸዋለሁ፣ «ግን ስሙት።» ብዬም ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ።